የታመመች ፈረስ ጠያቂዎች

ፈረስ አውቃለሁ እላለሁ። ሰው ባይጠይቀኝም እላለሁ። ታክሲ ውስጥም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ወሬው ወደ ከብት ዞር ካለ ተናጋሪው እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ባደግኩበት አገር ፈረስ ያለው አንድ ባላባት ብቻ ነበር። የኔም ሥራ ጥምቀት ሲደርስ ልጓሙን ይዤ ደጅ ቆሜ፣ ባለቤቱ ጠጁን ጠጥቶ እስኪወጣ መጠበቅ ነበር። በሕይወቴ ፈረስ ላይ የወጣሁት አንድ ቀን ነው፤ የወረድኩት ግን በፈቃዴ አይደለም። ይቺን የምታህል እውቀት ይዤ ነው፣ ሸብቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ የሰው ፈረስ ልገድል የደረስኩት።

ነገሩ የተጀመረው በስኳር በሽታ ነው። የፈረሷ አይደለም፣ የኔ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሐኪም «አባባ፣ ስኳር አለብዎት፤ ዳቦ ይቀንሱ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለችኝ። «ይቀንሱ» ያለችውን ባለቤቴ «ያቁሙ» ብላ ተቀበለችው። ዳቦው ቁምሳጥን ውስጥ ገባ፤ ቁልፉ መቀነቷ ውስጥ ገባ። ማታ ጎመን ይቀርብልኛል፣ ጧት የማታው ጎመን ይቀርብልኛል። እኔም ከቤት እንደወጣሁ ከጉልቷ ሴትዮ አንድ ስኒ የገብስ ቆሎ ገዝቼ ካፖርቴ ኪስ እከታለሁ። ሐኪሟ ስለ ዳቦ እንጂ ስለ ቆሎ ትንፍሽ አላለችም። ክርክሬ ይህ ነው፤ እስካሁን ማንም አላሸነፈኝም፣ ለማንም ስላልተናገርኩት።

የእግር ጉዞዬ ከላፍቶ ቁልቁል ወርጄ መካኒሳ አቦን ተሳልሜ መመለስ ነው። መንገድ ላይ፣ ትልቁ የመብራት መስመር ከላይ ስለሚያልፍበት ቤት እንዳይሠራበት የተከለከለ አንድ ቁራጭ ሜዳ አለ። የቀረው አገር ሁሉ ፎቅ ሆኗል። ከታች ትንሽ ወንዝ አለች፤ ዳር ዳሯን ለምለም ሣር ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ እዚያ ሜዳ ላይ አንዲት ዳማ ባዝራ ታስራ አየሁ። ሣሩ ዳር ብትታሰር ምንም ባላልኩ። የታሰረችው ግን ድንጋይና አፈር ብቻ ያለበት ላይ ነው። ፊቷ አንድ ባልዲ ውሃና ትንሽ ጭድ አለ። ሣሩን ከሩቅ ታየዋለች። ልክ እኔ ቁምሳጥኑን እንደማየው።

አጠገቧ እንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ቆሟል። በቀይ ቀለም «ታማለች። እባካችሁ ምንም አትስጧት» ተብሎ ተጽፎበታል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሁለቴ አነበብኩት። የመጀመሪያዋን ቃል አመንኳት። የቀረውን አላመንኩም። በየት አገር ነው የታመመ ምንም የማይሰጠው? በኛ ዘንድ በሽተኛ ሊጠየቅ ሲኬድ ባዶ እጅ አይገባም። ብርቱካን ይያዛል፣ ሙዝ ይያዛል፣ ያጣ ዳቦ ይይዛል። ሐኪም «አይብላ» ቢል እንኳ ጠያቂው ትራሱ ሥር ሸጎጥ አድርጎለት ይወጣል።

ኪሴን ዳበስኩ። ቆሎ አለ። አንድ እፍኝ ሰጠኋት። መዳፌን በዚያ ለስላሳ ከንፈሯ አንድ ፍሬ ሳታስቀር ጠረገችው፤ ከዚያ አፍንጫዋን ኪሴ ውስጥ ከታ ተነፈሰች። ከወለድኳቸው ልጆች መሐል እንዲህ ደስ ብሎት የተቀበለኝ የለም።

በማግስቱ ሁለት ስኒ ገዛሁ። በሳምንቱ ደግሞ ቆሎ ለፈረስ ምን ይሆናታል ብዬ ከወፍጮ ቤት ጥሬ ገብስ መግዛት ጀመርኩ። ካፖርቴ ሁለት ኪስ አለው፤ ግራው ለኔ፣ ቀኙ ለሷ ሆነ። ቀጥሎ ገመዷን አየሁት፤ አጭር ነው። ቋጠሮውን ፈትቼ ወደ ሣሩ አምስት ክንድ ያህል ለቀቅ አደረግኩላት። ማታ ባለቤቷ ያሳጥረዋል፣ ጧት እኔ አስረዝመዋለሁ። ሳንተያይ ሁለት ሳምንት ተጣላን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከወረቀቱ ወገን አይደለሁም።

አንድ ቀን ጧት ገመዱ እጄ ላይ እንዳለ ባለቤቷ ደረሰብኝ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጋሪ ነጂ ነው። ያ ሁሉ ፎቅ ሳይበቅል በፊት ሜዳው የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። በዳማዋ ለሕንፃ ሠሪዎች አሸዋና ውሃ ያመላልሳል፤ ሚስቱም ልጆቹም የሚያድሩት በሷ ጉልበት ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያን ዕለት የተናገረው ጥቂት ነው።

«አባባ፣ ገመዱን የሚያስረዝሙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ! ሣር እያየች ትራብ?»

«እግሯን ነው የሚያማት። እህልና ለምለም ሣር ከበዛባት ሰኮናዋ ውስጥ ይነድዳል። በፋሲካ ጊዜ አንዴ ይዟት በስንት መከራ ተረፈች፤ አሁንም ጀማምሯታል። እስኪሻላት ጭድ ይበቃታል።»

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ ፈረስ ይዣለሁ።» ውሸት አይደለም። በልጓሙ ይዣለሁ።

ትክ ብሎ አየኝና፣ «እሺ አባባ። ከባለቤቱ ያወቀ…» ብሎ ተወው። «ቡዳ ነው» የሚለውን ለሽበቴ ሲል ዋጠው። እኔ ግን ሳይናገረው ሰምቼዋለሁ። ተናደድኩ። በማግስቱ ገብሱን ጨመርኩ።

ለካ ጠያቂዋ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ይህን ያወቅኩት በአቦ ዕለት ነው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አቦ ናቸው፤ ጻድቁ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ስለሆኑ በቀናቸው እንስሳ ሊራብ አይገባም ብዬ በራሴ ሥልጣን ደንግጌ፣ ሁለቱንም ኪሶች ገብስ ሞልቼ ወጣሁ። ሜዳው ስደርስ ሰልፍ አለ። ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳቦ እየቆረሱ ያጎርሷታል። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጴንጤዋ ጎረቤቴ ካሮቷን አብልታ ጨርሳ፣ እጇን የፈረሷ ግንባር ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይላታለች። አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ደግሞ ከፔርሙስ አጥሚት ባልዲው ውስጥ ትገለብጣለች።

«እትዬ፣ ለፈረስ አጥሚት?» አልኳት።

«ታማለች ይላል እኮ ጋሼ! ለታመመ አጥሚት ያልሆነ ምን ይሆናል?»

 ካሰብኩት በኋላ ልክ ናት አልኩ።

«ባለቤቷ አረመኔ ነው» አለች ጎረቤቴ ዓይኗን ገልጣ።

«አረመኔ ነው!» አልን ሁላችንም። በሃይማኖት ነገር አንድ ቀን ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች በአንድ አፍ ተናገርን። እኔም የሁለት ኪስ ገብስ ዘርግፌላት፣ አቦ ደስ ያላቸው መስሎኝ እያንጎራጎርኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጧት ዳማዋ ተኝታ አገኘኋት። ባለቤቷ ተንበርክኮ አንገቷን አቅፎ «ተነሽ እንጂ፣ ተነሽ እናቴ» ይላታል። ሌላ ሰው የፊት እግሯን ሰኮና በመዳፉ ይዳስሳል፤ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሁለቱ ደግፈው አስነሷት። የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ወርውራ፣ ክብደቷን ሁሉ ኋላዋ ላይ ጥላ፣ ፍም ላይ እንደቆመ ሰው ተንቀጠቀጠች። ወዲያው ተመልሳ ወደቀች።

«ምን በላች?» አለ ሐኪሙ።

«ጭድ። ከጭድ ሌላ አልሰጠኋትም፤ አንድዬ ያውቃል።»

ሐኪሙ ፋንድያዋን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገው። ገብስ ነው። ያልደቀቀ፣ ሙሉ ሙሉ ገብስ።

ያን ጊዜ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ሰብሬ፣ ከንፈሬን እየመጠጥኩ፣ «ውይ ውይ! ምን ነካት?» ብዬ ጠጋ አልኩ። ያቺ መነሳት ያቃታት ባዝራ አንገቷን ብድግ አደረገችና አፍንጫዋን ቀኝ ኪሴ ውስጥ ከተተች። እዚያው ቀረች፤ አላወጣችውም።

ሐኪሙ ሳቀ። ባለቤቷ አልሳቀም።

«አባባ» አለኝ ሐኪሙ፣ «ስኳር ያለበት ሰው ያውቃሉ? ልክ እንደሱ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ማር ቢያበሉት ወደዱት አይባልም።»

ስኳር ያለበት ሰው እንደማላውቅ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ለባለቤቷ ነገረው፤ ለስላሳ አሸዋ ላይ ትሁን፣ እግሯ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጣት፣ እህል የሚባል አይንካት። «አንድ እፍኝ ከደገመች ግን አትነሳም» አለና ዕቃውን ሸክፎ ሄደ።

መሥራት ያቃተው የጋሪ ፈረስ መጨረሻው ምን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አስፋልት ዳር ይለቀቃል፤ ወይ መኪና ያገኘዋል፣ ወይ ጅብ። ሰውየው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሰባት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። አስፋልት ላይ አልጥላትም» አለ። ድምፁ ግን «ልጥላት ይሆን እንዴ?» የሚል ሰው ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ አንጀቴን በላው። የሰደበኝ ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር።

«እኔ እጠብቃታለሁ» አልኩት።

«ከማን?»

«ከሰው።»

«እርስዎንስ ማን ይጠብቅዎታል?»

እውነተኛ መሆኔን ላሳየው ብዬ ቀኝ ኪሴን ገለበጥኩት። የቀረው ገብስ አፍንጫዋ ሥር ተዘረገፈ። «ኧረ እዚህ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን፣ እሷ ምላሷን ሳታደርስ፣ አንድ በአንድ ለቀምን። እኔ ዓይኔ ደካማ ስለሆነ ሁለቴ ጠጠር ለቅሜ በድል አሳየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቅ አልለውም። የሳቅ ዘር ነው።

በማግስቱ ከዘራዬን ይዤ ድንጋይ ላይ ተሰየምኩ። እሱ ጧት በጋሪ ያመጣው የነበረውን አሸዋ በባሬላ ሊሸከም ሕንፃ ሥራ ይሄዳል፤ ማታ ለሷም ለመኝታዋ አሸዋ ይዞ ይመጣል። መሐሉን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በየሰዓቱ ከወንዙ በባልዲ እየቀዳሁ እግሯ ላይ አፈሳለሁ።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ ባለ አጥሚቷ ነበረች።

«እንዴት አደረች?» አለች ፔርሙሱን እየከፈተች።

«አትስጪያት! አንቺ ሴትዮ፣ እህል እንዳይነካት!»

«ምነው ጋሼ፣ ከትናንት ወዲያ በሁለት ኪስ ሲያፈሱላት የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ለዚህ ነው የወደቀችው።»

«ታዲያ የርስዎ ገብስ ነው የጣላት፤ የኔን አጥሚት ምን አጠፋ ይሉታል?»

ስለ ሰኮና አስረዳኋት፤ ስለ መንደድ አስረዳኋት። የዳማዋ ባለቤት የነገረኝን ቃል በቃል ነገርኳት። እኔ እሱን እንዳየሁት አድርጋ አየችኝና ሄደች።

ቀጥላ ስልኳን የደቀነች ወጣት ሴት መጣች። «አባባ አያፍሩም? ባዶ መሬት ላይ አስረው! እየቀረጽኩዎት ነው!»

«የኔ አይደለችም።»

«ካልሆነች ታዲያ ምን አገባዎት?»

ይህን ጥያቄ ነበር ወር ሙሉ ራሴን ሳልጠይቅ የቀረሁት። ደግ ነገር ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ከዘራዬን አነሳሁባት። እሱንም ቀረጸችው።

ጎረቤቴ ብቻ ናት የሰማችኝ። ካሮቷን ይዛ መጥታ፣ ነገሩን እስክጨርስ ቆማ አዳመጠችና፣ «ጸሎትስ ይከለከላል?» አለች።

«ጸሎት እህል የለውም» አልኳት። ካሮቱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ጸለየች። እኔም ዳር ቆሜ፣ እሷ እንዳትሰማኝ በልቤ፣ አሜን አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሽንት አጣደፈኝ። ስኳር ያለበት ሰው ያውቀዋል። ከቁጥቋጦው ስመለስ ፊቷ የሙዝ ልጣጭ ተበትኗል፤ አፏ ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ ዳቦ ግማሹ ገብቷል። ሮጥኩ። የቀረውን ግማሽ ይዤ ጎተትኩ፤ እሷም ጎተተች። «ልቀቂ! ትሞቻለሽ!» እያልኩ ከታመመች ፈረስ ጋር ስታገል መንገደኛው ቆሞ አየኝ። «የበሽተኛዋን ዳቦ ይነጥቃል እንዴ?» አለ አንዱ። የሰጣትን ሰው የእጁን እግዜር ይስጠውና አብዛኛውን አስጣልኳት። ከዚያ ያ ዳቦ እጄ ላይ ቀረ። ትኩስ ነው። መንገደኞቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። በላሁት።

ያን ዕለት እስኪመሽ ስፈራ ዋልኩ፤ ሙዙና የጎረሰችው ዳቦ ይገድላት ይሆን እያልኩ። ሰኮናዋን እየዳሰስኩ፣ እየሞቀ ይሁን እየበረደ ሳልለየው ውሃ አፈስሳለሁ። አልተባባሰባትም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቆርቆሮውን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ችግሩ «አትስጧት» የሚለው አይደለም፤ እሱን ማንም አያነበውም። ችግሩ «ታማለች» የሚለው ነው። ይህን አገር «ታማለች» ብለህ ጽፈህ አትምጡ ማለት፣ ድንኳን ተክለህ አታልቅሱ እንደማለት ነው። ሰውየው እውነቱን ጽፎ ነው የተበላው።

በማግስቱ ቀለም ይዤ መጣሁ። የነበረውን ሁሉ አጠፋሁና በጠማማ ፊደሌ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ «ትናከሳለች»።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላውራችሁ፦ ሰው መንገድ ቀየረ። ሙዝ የያዘው ሙዙን ይዞ፣ ዳቦ የያዘው ዳቦውን ይዞ በወዲያኛው ዳር ያልፋል። ባለ አጥሚቷ ከሩቅ ቆማ፣ «ውይ በሞትኩት! በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ?» አለችኝ።

«ወጣ» አልኳት።

ማታ የዳማዋ ባለቤት መጥቶ አነበበው። «አባባ፣ ይቺ እኮ ዝንብ አትነክስም።»

«እኔ እነክሳለሁ። አንድ ነው።»

ያን ቀን ሳቀ። አሸዋውን አስቀምጦ፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ።

ውሸቱ ግን ከነከነኝ፤ ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። «ውሸት ጻፍኩ አባቴ፤ ስለ አንዲት ፈረስ።» ነገሩን ሁሉ ሰሙኝና፣ «ያቺ ከመብራቱ መስመር ሥር ያለችው ዳማ?» አሉ። «አዎን አባቴ።» መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጡት። «እኔም በአቦ ዕለት ሙዝ ሰጥቻታለሁ» አሉና ንስሐውን ቀለል አደረጉልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ዳማዋ ማንም ሳይደግፋት ተነሳች። መጀመሪያ ቆመች፣ ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት። ባለቤቷ አፉን በእጁ ይዞ ያያል። እሷ ስድስት እርምጃ ተራመደችና እኔ ዘንድ መጥታ ቀኝ ኪሴን አሸተተች። ባዶ ነው። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ የምታየኝ ባለቤቴ ብቻ ናት።

አሁን ሁለት ወር ዕረፍት አግኝታ ጋሪዋን መጎተት ከጀመረች ቆየች፤ ቀላል ቀላል ጭነት ነው የሚጭናት። መንገዷ በኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ነው። ችግሩ፣ የግቢያችን በር ላይ እኔን ካየች አታልፍም። ትቆማለች። ከኋላዋ ሚኒባሱ ይቆማል፣ ከሱ ኋላ ሌላው። ጥሩምባው ይቀልጣል። «ሽማግሌው! ፈረስህን አንሳ!» ይላል ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ። «የኔ አይደለችም!» እላለሁ። ባለቤቷ ጋሪው ላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ ይንገሯት እንጂ፣ ቀረ ይበሏት!» ይለኛል። ቀኝ ኪሴን ገልብጬ አሳያታለሁ። አታምንም። እሷም እንደኔ ደረቅ ናት።

አንድ ቀን ጧት ግን ቀኙን አሽትታ ጨርሳ ወደ ግራው ዞረች። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ፈረስ ኪስህ ውስጥ ምን ትፈልጋለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፈረስ አይደለሁ!»

ደረጃውን ወርዳ፣ ፈረሷን ገፋ አድርጋ፣ እጇን ግራ ኪሴ ውስጥ ከተተች። አንድ ስኒ ሙሉ የገብስ ቆሎ። «ስኳር እያለብህ ቆሎ?» ብላ ጮኸች። ባለ ጋሪው አየ፣ የሚኒባሱ ረዳት አየ። ሐኪሙ ስለ ስኳርና ስለ ማር የነገረኝን ባለ ጋሪው ያን ጊዜ ያስታወሰው መሰለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ማታውኑ ባለቤቴ ሁለቱንም ኪሶች በወፍራም ክር ሰፋቻቸው። ዳማዋ እስካሁን ጧት ጧት በሩ ላይ ቆማ ስፌቱን ታሸትታለች። አንዳንዴ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠፋ፣ እኔም አሸትተዋለሁ።